የተደገመ ሌሊት

ዶክተር ረጋሳ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። እንቅልፍ የጣለው እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አመድ ለብሶ ቀዝቅዟል፤ የክፍሉ አንድ ለእናቱ የሆነች ጠባብ መስኮት ጥርቅም ብላለች።

ኢንስፔክተር ሀዋኒ የሟቹን ክንድ ቀስ ብላ አነሳችና ከሥሩ ያለውን ወረቀት አየች። የተወሳሰበ መስመር ነው፤ ሕፃን የሞነጫጨረው ይመስላል። ስታነሳው ሁለት ሆነ። አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ተደርቦ ነበር። መስመራቸው አንድ፣ የተጻፈባቸው ቀን ግን የተለያየ ነው።

ከጠረጴዛው ባሻገር አፈር የተሞላ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ቆሟል። ውስጡ ከሰነቲ አምባ የመጡ ፍልፈሎች ይኖራሉ። ከላያቸው ካሜራ ተሰቅሏል።

የምርምር ማዕከሉ ምክትል ኃላፊ አባይነሽ ነበረች ሬሳውን ያገኘችው። ሥራቸውን አስረዳች። ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ይቀርጻል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ቪዲዮውን እያየ እያንዳንዱን እንስሳ ይከተላል፣ ምን ያህል እንደሄደና የት እንደቆመ ይለካል፣ መንገዱንም በመስመር ይስላል። ወረቀቱ እንግዲህ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው።

«ሰው የገደለው አየር ፍልፈሎቹን እንዴት ማራቸው?» አለች ሀዋኒ።

«የጉድጓድ ፍጥረት ናቸው። የታፈነ አየር ለእነሱ ቤታቸው ነው።»

ሀዋኒ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። የጉድጓዱ አፍ ክፍት ነው፤ ትኩስ አፈር ወደ ውጭ ተገፍቶ ተቆልሏል። አባይነሽ እንደነገረቻት፣ ሲመሽ ብርዱን ሽሽት አፉን በአፈር ይደፍኑታል፤ ክፍሉ ሲሞቅ ደግሞ ይከፍቱታል።

ጉዳዩ ብዙ የሚያደክም አልመሰለም። የእንስሳቱ ጠባቂ ኦቦ ደራራ ማንም ሳይጠራቸው ፖሊስ ጣቢያ መጥተው ከሰሉን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ ብለዋል። ዶክተሩ ብርድ አስቸገረኝ ስላሏቸው ነበር። ሁልጊዜ ከሰል ሲያስገቡ የመስኮቱን የቆርቆሮ መዝጊያ ገርበብ አድርገው ይተዋሉ።

«ያን ዕለትስ?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

«ትቼው ነበር። ግን እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ልጄ። ዘግቼው ይሆናል።»

የጣቢያው አዛዥ በዚህ ረካ። ራሱን የሚከስ ሰው እያለ ማን ሌላ ይፈልጋል? ሽማግሌው ግን ከታሰሩ ወዲህ እህል ካፋቸው አልገባም፤ ሳላቸው እስከ አዛዡ ቢሮ ይሰማል። ሀዋኒ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ እስር ቤቱ እንደሚጨርሳቸው አልተጠራጠረችም።

የካሜራው ባለሙያ ወዚር ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ይሰድቡኝ ነበር አለ። «እዚህ ቤት ሰው ቢሞት እንኳ የሚቀረጸው ፍልፈል ነው፣ እቴ» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈረና አንገቱን ደፋ። የዚያን ሌሊት ጎባ ከተማ እህቱ ቤት አድሯል፤ ጎረቤቶቿም መስክረውለታል። አባይነሽም ባሏን ሆስፒታል ስታስታምም ነው ያደረችው። የቪዲዮዎቹን የይለፍ ቃል የሚያውቁት፣ የየሌሊቱንም ቅጂ ተራ በተራ የሚረከቡት ወዚርና ጂቱ ብቻ ናቸው።

ጂቱ የኦቦ ደራራ አንድ ልጅ ናት። ፕሮግራሙን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፤ ወደ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ጉዞዋን እየጠበቀች ነበር። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ የሌሊቱን ቪዲዮ ሳታመነታ ከፈተችላት። የጉድጓዱ አፍ እስኪነጋ ድረስ ድፍን ነው። ሀዋኒ አመሰገነቻት፤ የቀደሙትን ሌሊቶች መስመርም እንድታትምላት ጠየቀቻት። ቢሮዋ ገብታም ወረቀቶቹን እየደራረበች በመስኮት ብርሃን ማየት ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ደራራ በፖሊስ ፒካፕ መጥተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ዶክተሩ የሞቱ ዕለት ጠዋት» አለች ሀዋኒ፣ «ጉድጓዱ ክፍት ነበር። ቪዲዮው ግን እስኪነጋ ድፍን ነው ይላል። ስለዚህ ያየሁት ቪዲዮ የዚያ ሌሊት አይደለም። የሌላ ሌሊት ተተክቶበታል።»

«ፍልፈል ብቻ የሚታይበትን ቪዲዮ ማን ምን ብሎ ይለውጠዋል?» አለ ወዚር።

«እኔም እሱ ነበር ያልገባኝ። ትናንት ሲመሽ ሌሊት ሌሊት የሚበራውን የግቢውን መብራት አስበርቼህ ነበር። መዝጊያው ገርበብ ሲል ብርሃኑ በቀጭኑ ገብቶ ሣጥኑ ላይ ይወድቃል። ከውጭ ገፋ ሲያደርጉት ብርሃኑ ይቆረጣል፤ የእጅ ጥላም ያልፋል። ኦቦ ደራራ መስኮቱን ከመጀመሪያው ዘግተውት ቢሆን ኖሮ የሚጠፋ ነገር አይኖርም ነበር። የጠፋው፣ ዶክተሩ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ አንድ ሰው ከውጭ ስለዘጋው ነው።»

አባይነሽ ወደ ወዚር ዞረች። ሀዋኒ ራሷን ነቀነቀች።

«ወዚር ጎባ ነበር። ደግሞ ይህን ተመልከቱ።» የተደረቡትን ወረቀቶች በብርሃን ላይ ዘረጋች። «ፍልፈል ዛሬ የሄደበትን መንገድ ነገ አንዲት ሳይዛነፍ አይደግመውም። እዚህ ግን አንዱ ሌሊት ደጋግሞ መጥቷል። ዶክተሩ ደርሰውበታል። የተደገሙት ሌሊቶች ሁሉ የአንድ ሰው ተራ ናቸው።»

ማንም ወደ ጂቱ አላየም። ሁሉም ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«መብራት ይጠፋል» አለች ጂቱ፣ ድምፅዋ ሳይነሳ። «መብራት ሲጠፋ ሌሊቱ ባዶ ይሆናል። ባዶ ሌሊት ማን ይቀበላል? መጀመሪያ አንዱን ብቻ ነበር የሞላሁት። ያን ዕለት ማታ ዶክተሩ ጠርተው ነገ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ የትምህርት ዕድልሽም ይሰረዛል አሉኝ። ተመልሼ ልለምናቸው መጣሁ። በመስኮቱ ሳይ ተኝተዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘጋሁት።»

«አባትሽ ሲታሰሩስ?»

«ስሄድ ጠበቃ እልክላቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

ኦቦ ደራራ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማል ጎቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ። ምን አደረግሽ፣ ልጄ? ቀጥለው ለሀዋኒ፣ «እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሏት። «ከሰሉ የእኔ ነው። እንደነበረው ይሁን፣ ልጄ። እሷን ተዪያት።»

«አልችልም፣ ኦቦ ደራራ። እርስዎ ነፃ ነዎት።»

«ከምን?»

አባይነሽ ማልቀስ ጀመረች፤ ለሟቹ ይሁን፣ ከእንግዲህ ማንም ለማያምነው የዓመታት ሥራ፣ ወይስ ለሚዘጋው ቤት፣ አልለየላትም።

ጂቱን ፒካፑ ላይ አወጧት። ሽማግሌውም እየሳሉ ተከትለው ወጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ፖሊሱ ተለቀዋል እኮ፣ ይውረዱ አላቸው።

«እወርዳለሁ» አሉ ጋቢያቸውን በትከሻዋ ላይ እየጣሉ። «ጣቢያ ስንደርስ።»