የመጀመሪያው መርፌ

«ከእኔ በፊት የተወጋው ማን ነበር?»

ካውሰር ይህን ጥያቄ ስትሰማ የሰውየውን ክንድ በላስቲክ አስራ፣ ደም ሥሩን በጣቷ እየፈለገች ነበር። ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«ዛሬማ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

«የዛሬውን አይደለም። የያኔውን ነው። ልጆች ሆነን፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ለቢልሃርዝያ መርፌ ስንሰለፍ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ!»

«አውቃለሁ። ሹሩባሽ ወገብሽ ላይ ይደርስ ነበር።»

ካውሰር መርፌውን ሰካችው። ከወትሮው ጠንከር አድርጋ።

«ኧረ ቀስ!»

«እሱ የሹሩባዬ ነው» አለችው።

እንዲህ ነው የተገናኙት።

ሰውየው ሸውቂ ይባላል፤ የጡብ ሠሪው የዐዋድ ልጅ። ከግብፃዊቷ መንደራችን ከከፍር ናኽላ በነጻ የትምህርት ዕድል ጀርመን ሄዶ፣ ሐኪም ሆኖ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ተመለሰ። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት በጉበት ካንሰር ሲሞት ለቀብሩ አልደረሰም። ሲመጣም እንደ ሌላው ተመላሽ ሻንጣ ሙሉ ስጦታ አልያዘም። በበረዶ የተሞላ ሳጥንና ባዶ የደም ብልቃጦች ብቻ ነበሩት። «ወንዶቻችን አምሳ ሳይሞላቸው ሆዳቸው እየተነፋ የሚሞቱት ለምንድን ነው? ደማችሁን ስጡኝና ልወቅ» አለ።

ካውሰር የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። «ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል» እንላታለን። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ከሃጅ በዩሚ ነው፤ ሃጅ በዩሚ ደግሞ በመንደራችን እንደ ቅዱስ የሚታዩ ሰው ነበሩ። በዚያ በቢልሃርዝያው ዘመቻ ጊዜ፣ ቦይ ውስጥ ስንዋኝ የምንውል ልጆች ሁሉ ደም እንሸና ነበር። እንዲያውም «ቀይ ያልሸና ወንድ አይደለም» እየተባባልን እንፎካከር ነበር። በየሳምንቱ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የሚወጋው መርፌ ሲመጣ ግን እናቶች ፈሩ። ያን ጊዜ ሃጅ በዩሚ የገዛ ልጃቸውን እጇን ይዘው ሰልፉ ፊት አቆሟት። ሁሉም እያየ አስቀድመው እሷን ወጓት። ከዚያ ወዲህ የሚታመን ሰው ሲገኝ «እንደ በዩሚ ልጁን ያስቀደመ» ይባላል።

ሸውቂና ካውሰር ሁለት ወር አብረው ደም ቀዱ። እሷ ትወጋለች፣ እሱ ይመዘግባል። ካውሰር ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ ከከረጢቱ ቀድዳ ስታወጣ ሸውቂ ብዕሩን አቁሞ ያያታል።

«ምን ያፈጥብኛል ይሄ ሰውዬ?» አለችው አንድ ቀን። «እርስዎ» ማለቱን ከተወች ሰንብታለች።

«ድምፁን ነው የምሰማው።»

«የምኑን?»

«የከረጢቱን። ቅድድ... ሲል ደስ ይለኛል።»

«ጀርመን ሀገር ሰው በዚህ ነው የሚለክፈው?»

ሳቀ። እሷም ልትቆጣ ፈልጋ አቃታት።

ሌላ ቀን ከቦዩ ማዶ ያሉ ሽማግሌዎችን ሊመረምሩ ሲሻገሩ ሸውቂ ሱሪውን ሰበሰበ። ቅልጥሙ ላይ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀያይ ነጠብጣብ ተረጭቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወታደሮቼ ናቸው» አላት። «ሰውነቴ ውስጥ አንድ ጠላት ገብቶ ተደብቋል። ወታደሮቼ ስንት ዓመት ሲታገሉት ኖረው አሁን ግራ ገባቸው። የራሳቸውን ቤት ያቃጥላሉ።»

«ጠላቱ ምንድን ነው?»

«የመንደሩ ውጤት ሲመጣ እነግርሻለሁ... ካውሰር?»

«አቤት።»

«አባትሽን ልጠይቃቸው?»

ውሃው መሃል ቆመች። ጉንጯ ጋለ።

«አባቴ እኮ በጡብ ሠሪ ልጅ ላይ በር መዝጋት ያውቁበታል።»

«ተዘግቶብኝ ያውቃል» አለ ሸውቂ። «እንደገና አንኳኳለሁ።»

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሸውቂ ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆንን ሰዎች በግማሾቻችን ደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። አንዱ ላይ ካንሰር ይሆናል። ሌላው ላይ ሰውነቱ ራሱን በራሱ እንዲበላ ያደርገዋል። ሌላው ላይ ገና ዝም ብሏል። የገባብንም ባንድ መንገድ ነው። ከቢልሃርዝያ ባዳነን መርፌ። አንዱን መርፌ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከዐዋቂ ወደ ዐዋቂ እያዛወሩ ወጉን።»

ሁለት ወንድሞቿንና ባሏን የቀበረችው የሰይድ እናት ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።

«መርፌው በማን እጅ ነበር?»

ሁሉም ዞሮ ሃጅ በዩሚን አየ።

«የእጁ ጥፋት አይደለም!» አለ ሸውቂ። «ለሁለት መቶ ልጅ ስድስት መርፌ የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው የሚጠየቀው...»

ይህን ሁለተኛውን ቃል የሰማው የለም። ከሰዓት በኋላ የሃጅ በዩሚ በር በጭቃ ተለስኖ ነበር። የሰይድ እናት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባቸው፤ «ሠላሳ ዓመት እጅህን የሳምኩት ቤቴን ላፈረስክልኝ ነው?» እያለች።

ካውሰር ቀጥታ ወደ ሸውቂ ቤት ሄደች። በሩን አላንኳኳችም።

«ልታገባኝ ነው የመጣኸው ወይስ አባቴን ልትቀብር?»

«ስማቸውን አልጠራሁም!»

«መጥራት ያስፈልጋል? እዚህ መንደር መርፌ ማለት አባቴ ናቸው! ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ሻይ አብረን እየጠጣን፣ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር!»

«እጠረጥር ነበር። ማወቅና መጠርጠር...»

«ውሸታም!»

«የእኔም አባት ሞቷል፣ ካውሰር! የገዛ ሆዱን መሸከም አቅቶት ነው የሞተው! ለእሱ ማን ይጩህለት?»

«ጩህለት! ግን ይህን ስማ። አባቴ አስቀድመው የወጉት እኔን ነው። መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ልጁን ያስቀድማል? እኔም እንደ እናንተው ነኝ!»

ሸውቂ ክንዷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ እኮ አልተመረመርሽም» አላት።

እውነት ነው። የመንደሩን ሁሉ ደም ስትቀዳ የእሷን የቀዳላት አልነበረም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ከረጢቱን ራሷ ቀደደችው።

«ውሰድ! መታመሜ ሲታወቅ ያን ጊዜ አባቴን ይቅርታ ትጠይቃለህ!»

ውጤቱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ካውሰር ማንም ጤነኛ ሰው የማይጸልየውን ጸሎት ጸለየች። በሽታው እንዲገኝባት።

በዘጠነኛው ቀን ሸውቂ ወረቀቱን እያውለበለበ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ደረሰ። ፊቱ በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ! ነጻ ነሽ! ካውሰር፣ ምንም የለብሽም!»

ወረቀቱን ነጥቃ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው? ደስ አላለሽም?»

«የመጀመሪያዋ ነበርኩ» አለች። «ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ... ተቀቅሎ የወጣው መርፌ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። ንጹሑ።»

ሸውቂ እጇን ሊይዝ ጎንበስ አለ።

«አትንካኝ!»

ሃጅ በዩሚ በረንዳቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቀራቸው ሥራ ይህ ነው። ካውሰር ፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ ለምን እኔን አስቀደሙኝ?»

«ሰው እንዳይፈራ ነዋ። ይህን ማን አጥቶት?»

«በመጀመሪያው ሳምንት እሺ። ከዚያስ? ሰዉ መፍራቱን ከተወ በኋላስ? አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን እኔ?»

የሽማግሌው ጣቶች ቆሙ።

«መርፌ... አሥረኛው ልጅ ላይ ሲደርስ ይደነዝዛል። ሥጋ ይጎትታል። ያማል። አንቺን እንዳያምሽ ብዬ ነው።»

«የሌላው ልጅ ሥጋ ሥጋ አይደለም?»

«ልጄ፣ እኔ ጀርም መኖሩን አላወቅሁም! ምንም አልነገሩንም። አንድ ደቂቃ ቀቅለህ ቀጥል አሉኝ፣ ቀጠልኩ።»

«ጀርሙን አላወቁም። መደንዘዙን ግን ያውቁ ነበር!»

ባቄላው ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ ተበተነ። ካውሰር ልትሄድ ስትል፣ የሸውቂ ጥያቄ ትዝ አላት።

«ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመው ማን ነበር?»

«የጡብ ሠሪው ልጅ ነዋ። ይኸው ዛሬ ዶክተር የሆነው። ሌሊት ወጥቶ ተራ ይይዝ ነበር፣ ካንቺ ኋላ ለመቆም። አንድ ቀን ሹሩባሽን ሲነካ አየሁት። 'አንተ፣ ወደ መጨረሻ!' አልኩት። ከዚያ ወዲያ መጨረሻ ላይ ነበር የሚቆመው።»

ካውሰር ሸውቂን ያገኘችው በአባቱ አሮጌ የጡብ ምድጃ ዘንድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አላለችም።

«ጥያቄህ መልስ አለው። ከአንተ በፊት የተወጋሁት እኔ ነበርኩ።»

«እስከ አራተኛው ሳምንት፣ አዎ። እሱንማ አስታውሳለሁ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ጣሉኝ። ስላለቀስኩ መስሎኝ...»

«ስላለቀስክ አይደለም። ሹሩባዬን ስለነካህ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ጡብ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ሰበረው። ሌላ አነሣ። ሰበረው።

«ለአንድ ሹሩባ! የስንት ልጅ ደም የላሰ መርፌ... ለአንድ ሹሩባ!»

ካውሰርም ጡብ አነሣች። እሷም ሰበረች። አልከለከላትም። እጃቸው አቧራ በአቧራ እስኪሆን ሁለቱም ሰበሩ።

ከዚያ ሸውቂ ምድጃው አፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልነግርሽ የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ጉበቴ ላይ ለውዝ የምታክል ነገር ታይታለች። በመጪው ወር ካይሮ ገብቼ ትቆረጣለች። እተርፍ ይሆናል፣ ላልተርፍም እችላለሁ። ስለዚህ ያን... ከቦዩ መሃል የጠየቅሁሽን ትቼዋለሁ። ሌላ ባል ፈልጊ።»

«ማን ፈቀደልህ?!» ጩኸቷ እርግቦቹን ከጣራ አስነሣ። «አባቴ ወደ ኋላ ላኩህ። አሁን ደግሞ ራስህን ወደ ኋላ ትልካለህ? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያ ሰልፍ አላለቀም?»

«ካውሰር፣ አዝኜልሽ ነው...»

«አትዘንልኝ! አግባኝ!»

ሸውቂ ከምድጃው አፍ ተነሣ። የእጁን አቧራ አራገፈ።

«...እሺ» አለ።

አክስቷ «በሽታው ይጋባል አሉ» ብላ ሹክ ስትላት፣ ካውሰር «በምላስ የሚጋባ ቢሆን መንደሩን አንቺ ትጨርሺው ነበር» ብላ ዘጋቻት።

ኒካው የታሰረው በሳምንቱ ሐሙስ፣ በዚያው አዳራሽ ነው። በእኛ ወግ የሙሽራዋ አባትና ሙሽራው በነጭ መሃረብ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ሼኹ መሃረቡን ዘረጉ። ሸውቂ የሽማግሌውን እጅ አየው። አየው። አየው።

ሃጅ በዩሚ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀና አሉ።

«ይህን እጅ ከጠላኸው ወንድሜ ይዳርልኝ።»

«አይ» አለ ሸውቂ። «የእርስዎኑ ነው የምፈልገው።»

ያዘው። ይቅር ባይ ሰው እንደሚይዘው አይደለም። አጥንቱ ሲንቋቋ የፊተኛው ረድፍ ሰማ። ሽማግሌው እጃቸውን አልሳቡም። የኒካውን ቃል እስከ መጨረሻው፣ ያን አጨባበጥ ችለው፣ አሉት። ሸውቂም አለው። ሼኹ መሃረቡን ሲያነሡ የሁለቱም እጅ ነጥቶ ነበር።

ሙሽሮቹ ውሉ ላይ አውራ ጣታቸውን አትመው ሲያበቁ ሼኹ የቀለሙን ሳጥን ሊዘጉ ሲሉ፣ ካውሰር በቬሏ እንዳለች «ይቆዩ» አለቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ወረቀት ዘረጋች። ከሸውቂ ጋር እየተጨቃጨቁ የጻፉት ነው፤ ዘመቻውን ላዘዘው ለካይሮው መሥሪያ ቤት። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ገንዘብ አንጠይቅም። ከቢልሃርዝያ እንዳዳናችሁን አንክድም። የምንጠይቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። 'ያሰለፍናችሁ እኛ ነን፤ መርፌውም የእኛ ነበር' ብላችሁ ጻፉልን። ለሞቱት መቃብር ላይ እናነብላቸዋለን።»

«ማን ይፈርማል?» አለች።

ሃጅ በዩሚ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

«እኔን አስቀድሙኝ» አሉ።

የሰይድ እናት ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ ቀጥላቸው ቆመች። ከእሷ ኋላ ሰው፣ ከሰውም ኋላ ሰው። ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ እስከ ቦዩ ደረሰ። የዚያን ቀን ሰርጉ ላይ የጨፈረው ሁሉ አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነበር።

ሸውቂ ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ ተመለሰ። ቤታቸው ከጡብ ምድጃው አጠገብ ነው፤ በዚያ ያለፈ ሰው ሲጨቃጨቁ ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶም ሲሳሳቁ። ሃጅ በዩሚን ካውሰር በየቀኑ ምሳ ታደርስላቸዋለች። ብዙ አታወራቸውም።

ደብዳቤው የሄደው በሰርጉ ማግስት ነው። በአደራ ፖስታ፣ ከሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጣት ጋር። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ማኅተሙን አሳርፎ «መልሱ በሁለት ሳምንት ይደርሳችኋል» ብሏቸው ነበር።

መልስ አልመጣም።