የአልጋ አስራ አንድ ርክክብ

የማወጋችሁ ነገር ሆኗል። በእኔው ክፍል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን መስኮቱ ክፍት ነው። ውጭ ልብስ አጣቢዎቹ አንሶላ እያሰጡ ይሳሳቃሉ...

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁሉም በየኪሱ ስልክ ሲይዝ የእኔ ማዞሪያ ተነቀለ። «ይሄ ሰውዬ ከማዳመጥ ሌላ ምን ያውቃል?» ተባለና፣ አዲስ የተቀጠሩ ነርሶችና ሐኪሞች እየመጡ የሆዳቸውን የሚያራግፉበት ክፍል ተሰጠኝ።

ክፍል ስላችሁ፣ ድሮ የአንሶላ መጋዘን የነበረ ነው። ሁለት ወንበር። አንድ ጠረጴዛ። አንድ ፓኮ ሶፍት።

ልጆቹ «ጋሼ ስልክ» ይሉኛል። አንገታቸውን በበሩ አስገብተው «ጋሼ ስልክ፣ መስመር አለ?» ይላሉ። «አለ፣ ግቡ» እላለሁ። ይቀመጣሉ፣ ያለቅሳሉ። አንዳንዱን እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። አልቀሰቅስም። ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ ካነበብኩት ሁሉ የጠቀመኝ ዝም ማለት ነው።

ያቺ ልጅ የመጣችው ሰኞ ነው።

ነርስ ናት። ከተቀጠረች አምስት ወሯ። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ዋርዱ ሁሉ «ሚጢጢ» ይላታል።

መስመር አለ ወይ አላለችም። ገብታ ቆመች። ሰዓቷን አየች። ልክ ስምንት ሰዓት።

ከዚያ መዳፏን ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

«አልጋ አስራ አንድ። ወንድ። ሃምሳ ስምንት ዓመት። ሙቀት... ሃያ ዘጠኝ። ትንፋሽ የለም። የልብ ምት የለም።»

ነርሶች ወረቀት ሲያጥራቸው የታማሚውን ቁጥር እጃቸው ላይ ይጽፋሉ። ይህን አውቃለሁ። ቁጥሩ ግን...

«ልጄ፣ ይሄማ የሞተ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ።»

«መቼ?»

«ከአስር ቀን በፊት።»

«ታዲያ ማንን ለክተሽ ነው?»

«አልለካሁም ጋሼ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እጄ ላይ ተጽፎ አገኘዋለሁ።»

አስቀመጥኳት። ቀስ እያለች ነገረችኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ይቀያየራል። የምትወጣው ነርስ የምትገባዋን ይዛ ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። ገቢዋ በእያንዳንዱ ታማሚ ፊት ትቆማለች። ፊቱን ታያለች፣ ስሙን ትጠይቃለች፣ ከዚያ «ተረክቤያለሁ» ትላለች። ያቺ ቃል እስክትወጣ ድረስ ታማሚው የወጪዋ ነው። ቤቷ ቢቃጠልም አትሄድም። መጀመሪያ ቀን የሚማሩት ይህን ነው። ሳያዩ አይረከቡም።

ሰውየው የሞተ ዕለት ሚጢጢ ሌሊቱንም ጠዋቱንም ሠርታለች። የቀረ ሰው ሸፍኚ ተብላ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተረካቢዋ የለችም። ደወለችላት።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ተረክባለች ብለሽ ጻፊና ሂጂ» አለቻት።

ጻፈች። ቦርሳዋን አነሳች። ልትወጣ ስትል የአልጋ አስራ አንዱ ሰውዬ ጠራት።

«ልጄ፣ አሁን ማነው የሚያየኝ?»

«መጥተዋል አባባ» አለችው።

ማንም አልመጣም ነበር። ለአርባ ደቂቃ።

አሟሟቱን ያጣሩት ሰዎች «ብትኖሪም አይተርፍም ነበር» አሏት። ተረካቢዋ ደግሞ «እኔ ተረክቤያለሁ አላልኩም» አለች።

«ስለዚህ እስካሁን የኔ ነው» አለችኝ ሚጢጢ።

ማክሰኞ፣ ልክ በስምንት ሰዓት መጣች። «ሙቀት ሠላሳ አንድ።»

ረቡዕ፣ «ሠላሳ ሦስት።»

እጇን ይዤ በአልኮል ፈተግኩት። ቀለሙ ለቀቀ። እፎይ አልኩ። እኔ ሞኙ...

ሐሙስ ሌላ ቁጥር ይዛ መጣች።

«ሠላሳ አምስት። ትንፋሽ አለ። ዓይኑን ገልጧል።»

ያን ቀን ዝም ማለት አላስቻለኝም። የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮኗ ዘንድ ሄድኩ። «ሁላችንም በዚህ አልፈናል ጋሼ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ስታናግረኝ እሷም በቁሟ እያንቀላፋች ነበር። ለአእምሮ ሐኪሙ ቀጠሮ ጠየቅኩ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት... ልጅቷ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቀበቶዋን ሁለት ቀዳዳ አጥብቃዋለች።

ዓርብ ድምጿ ተዘጋግቶ ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሠላሳ ስድስት። ተነስቶ ተቀምጧል። ነጠላ ጫማውን ጠይቋል።»

ያን ዕለት ማታ ተንበርክኬ ፈጣሪን ለመንኩ። ስለ ሰውየው አይደለም። ስለ ልጅቷ።

ቅዳሜ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ገባች። ከሰዓቷ ቀድማ መጥታ አታውቅም። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ወርዷል» አለች በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ከአልጋው ወርዷል። ኮሪደር ላይ ነው። በየበሩ እየቆመ ያያል።»

«ማንን ፈልጎ?»

ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ነው ከሁሉም ያስፈራኝ።

«የቤቴን ቁልፍ ለእህቴ ልኬላታለሁ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ዛሬ አልመለስማ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ይዤው ልሂድ» አለች። «ሌላ ልጅ ላይ ከሚወድቅ... ይዤው ልሂድ። ሃያ አራት ዓመት ይበቃል።»

ክንዷን ያዝኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ያን ሰዓት የማገናኛት ሰው አጣሁ።

እንዲህ እንደያዝኳት ውጭ የነበረው የአጣቢዎቹ ሳቅ ቀጥ አለ።

ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ።

ሸብ...

ዝም።

ሸብ...

ነጠላ ጫማ ነው። የአንድ እግር ብቻ።

«ይሰሙታል?» አለችኝ።

«እሰማለሁ።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እስከዚያ ቀን ከእሷ ሌላ የሰማው ሰው አልነበረም።

ሸብ... ሸብ...

በሩ ጋ ቆመ። በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን መሃሉ ላይ ጠቆረ።

«ለእኔ አስረክቢኝ» አልኳት።

«እርስዎ ነርስ አይደሉም።»

«ቢሆንም የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነኝ። አስረክቢኝ።»

«ሳያዩ አይረከቡም ጋሼ። በሩን ይክፈቱና ፊቱን ይዩት። ስሙን ይጠይቁት። እንደሱ ነው ደንቡ።»

እጀታውን ጨበጥኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። አልከፈትኩትም። ሰው ሲያለቅስ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ፊት ማየት አቃተኝ። እጀታውን ለቀቅኩት።

«ንገሪኝ ብቻ» አልኳት። «ከዚሁ ሆነሽ ንገሪኝ።»

መዳፏን ገለጠች። «አልጋ አስራ አንድ። ወንድ። ሃምሳ ስምንት ዓመት። ሙቀት ሠላሳ ስድስት ከግማሽ። ይራመዳል... ማነው የሚያየኝ እያለ ይጠይቃል።»

«ተረክቤያለሁ» አልኩ።

ደብተሬ ላይም በእርሳስ ጻፍኩት።

በበሩ ሥር ያለው ብርሃን ሞላ። ውጭ አንዷ አጣቢ ሳቋን ከተወችበት ቀጠለች።

ሚጢጢ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። አንሶላ አለበስኳት። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው «ራበኝ» የሚል ነው። ቁልፏን ይዛ እንድትመጣ እህቷ ዘንድ ራሴ ደወልኩ።

ዛሬ ልጅቷ ደህና ናት። የሕፃናት ክፍል ገብታለች። ቀበቶዋን ሁለት ቀዳዳ መልሳለች። ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ፣ «ጋሼ ስልክ፣ ምነው እንዲህ ከሱ? መስመርዎ ተቆረጠ እንዴ?» ትለኛለች። እስቃለሁ። ለዚህ ሳቋ አይደል የተረከብኩት።

በተረከብኩ ማግስት፣ እሁድ፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መዳፌን አየሁ።

ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት።

በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። እኔ እስክሪብቶ አልይዝም። የምጽፈው በእርሳስ ነው።

እየሮጥኩ ዋርዱ ድረስ ሄድኩ። ዘግይቼም ቢሆን ልየው ብዬ። አልጋ አስራ አንድ ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። «ማንን ፈለግህ ልጄ?» አሉኝ። ስሙን እንኳ አላውቀው...

ሰኞ አንዲት አዋላጅ መጥታ ከፊት ለፊቴ ልትቀመጥ አለችና ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ወንበሩ ይሞቃል። ማን ተቀምጦበት ነበር?»

ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም።

ማክሰኞም ሌላዋ እንዲሁ አለች። ረቡዕም።

አሁን ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መዳፌን አነባለሁ። ሙቀቱ ደህና ነው። ትንፋሹ ደህና ነው። ከእኔ ይልቅ ጤነኛ እሱ ነው። አንድም ቀን አላየሁትም። ፈጣሪን የምለምነው እንዲወስድልኝ አይደለም። ፊቱን እንዲያሳየኝ ነው። አንዴ ባየው፣ አንዴ ስሙን ብጠይቀው፣ ርክክቡ ይሟላ ነበር ብዬ አስባለሁ...

ጡረታዬ ሦስት ወር ቀርቶታል። ይህን ክፍል ከእኔ የምትረከበው ልጅ ተመድባለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው መጥታ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁልፉን አሳየኋት። «ሌላስ የምረከበው ነገር አለ ጋሼ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። መዳፌን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

ትናንት ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ስምንት ሰዓት ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። በሩ ተንኳኳና አንዲት አዲስ ሐኪም አንገቷን አስገባች። መጀመሪያ ቀኗ ነው፣ ጋውኗ ገና እጥፋቱ አልለቀቀም።

«ጋሼ ስልክ የሚሏቸው እርስዎ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠች።

የምታየው እኔን አይደለም። ከፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ነው።

«ውይ፣ ይቅርታ አባባ» አለች ለወንበሩ። «ሰው እንዳለ አላወቅኩም።»

ትንሽ ቆመች። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

እኔ ምንም አልሰማሁም።

«እሺ አባባ» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ... ከዚያ የተላከችውን ሳትነግረኝ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።