ፈታሒ ያልቆጠራቸው

ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በጽንአት ከተማ ሰፈር የሚቀይር ሰው ቤቱን ይዞ ይሄዳል። ምስማር የለ፣ ሲሚንቶ የለ። ሲሚንቶ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ ደግሞ ለሰውም አይተርፍም። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ከቀለጠ የጨረቃ አፈር የተሠሩ፣ ጥርስና ጎድጎድ ያላቸው ብሎኬቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ነክሶ ይይዛል። ሰዉ «ግጣም» ይላቸዋል። ግጣም ስለተጎተተ ብቻ አይወጣም። የትኛው መጀመሪያ ወደ ጎን እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚነሳ ማወቅ ያሻል፤ ቅደም ተከተሉ ከተሳተ ቤቱ እንደተቆለፈ ይቀራል። ይህን የሚያውቀው ፈታሒ የተባለው ፕሮግራም ነው። በግእዝ የሚፈታም፣ የሚፈርድም ማለት ነው።

ኢንጂነር ትርንጎ ከፈታሒ ጋር የምትሠራ ንድፍ አውጪ ነበረች። ምን ያህል ስፋት ያለው ቤት፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚፈለግ ትነግረዋለች፤ እሱም ግጣሞቹን በሐሳቡ ሺህ ጊዜ ገጥሞ፣ ሺህ ጊዜ ፈትቶ፣ ጸንቶ የሚቆመውንና በቀላሉ የሚነቀለውን ይመርጥላታል። ሥራዋን ትወደው ነበር። መሬቱ እስከተንቀጠቀጠበት ጠዋት ድረስ።

መንቀጥቀጡ አዲስ ነገር አልነበረም። ግጣሞቹ ትንሽ ይንገጫገጩና መልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ። የዚያን ቀን ግን በምዕራቡ ሰፈር፣ ከዐሥራ አራት መኖሪያ ቤቶች ሥር ያለው የአትክልት ክፍል በአንድ ጣት ያህል ሰመጠ፤ በሩም በመቃኑ ተነክሶ ቀረ። ከላይ ያሉት ነዋሪዎች በደህና ወጡ። ከውስጥ ግን አራት ሰዎች ተቆለፈባቸው፦ ሦስት አትክልተኞችና ኃላፊያቸው መክብብ። የአየር ማስገቢያው ቱቦ ስለተቆረጠ ያላቸው አየር ከቀትር ብዙም አያልፍም። መክብብ የትርንጎ የቀድሞ ባል ነበር። ከተፋቱ ወዲህ መተላለፊያ ላይ ሲገናኙ አንገት ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ አልነበራቸውም።

የግንባታ ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ችግሩን ለፈታሒ እንድትሰጠው አዘዟት። ፈታሒ ብዙም ሳይቆይ መፍትሔ መገኘቱን ተናገረ። በንድፍ ክፍሉ የነበሩት ሁሉ እፎይ አሉ። አቶ ልዑልሰገድ የማንሻ ማሽኖቹ እንዲዘጋጁ እያዘዙ ሳለ ትርንጎ ቅደም ተከተሉን ልየው አለች። ጠረጴዛው ላይ በብርሃን የተሳለው ሰፈር ደረጃ በደረጃ መፈታታት ጀመረ። መጀመሪያ የተነሳው የአትክልት ክፍሉ የውጭ ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ማዶ አየር የሚባል ነገር የለም።

«እዚህ ላይ የክፍሉ አየር የት ይሄዳል?» አለች።

«ይወጣል» አለ ፈታሒ በለመደው ለስላሳ ድምፅ።

«ውስጥ ያሉት ሰዎችስ?»

«በተሰጠኝ እንቆቅልሽ ውስጥ ሰው የለም።»

ሥራ በጀመረበት ዘመን ሰው ይቆጠር እንደሆነ ጠይቆ፣ አይቆጠርም እንደተባለ ጨምሮ ነገራት። ትርንጎ አይቆጠርም ያለው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

አልዋሹም፣ አላፈሩምም። ቤት የሚፈታው ሰው ከወጣ በኋላ ነው አሉ፤ ከወዲያ ወዲህ የሚል ፍጡር ስሌቱ ውስጥ ከገባ ሥራው ማለቂያ አይኖረውም፣ ይህች ከተማም ባልተሠራች ነበር። ነገሩ ትክክል መምሰሉ ይበልጥ አንገበገባት። አራቱን ሰዎች ስሌቱ ውስጥ አስገባች። ፈታሒ መፍትሔ የለም አለ። ምን እንዳገደው ስትጠይቀው ግጣም እንዳይሰበር መከልከሉን ነገራት። ለድንጋይ ክልከላ አለ ማለት ነው፤ ለሰው የለም። ክልከላውን አነሳችው፤ መልሱ ዐይን እስኪርገበገብ አልቆየም። በመተላለፊያው በኩል ያለው ተሸካሚ ግጣም ከተሰበረ በሩ ይለቃል። መተላለፊያው አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ አይነካም። ከላይ ያሉት ቤቶች ግን ወደ ውጭ ይናዳሉ።

አቶ ልዑልሰገድ እምቢ አሉ። የዐሥራ አራት ቤተሰብ ቤት አፍርሱ ብዬ የማዝዝ እኔ ማን ነኝ፣ ምክር ቤቱ ከቀትር በኋላ ይሰበሰባል፣ እሱ ይወስን አሉ።

«እርስዎ አላዘዙኝም» አለች ትርንጎ። መሰርሰሪያውንና ትልቁን መዶሻ ይዛ ወጣች።

የተፈናቀሉት ሰዎች በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር። ራቅ በሉ ከማለት በቀር አንዳች አልነገረቻቸውም። በሩ አጠገብ ደርሳ በሬዲዮ መክብብን ጠራችውና ልታደርግ ያሰበችውን ነገረችው። ድምፁ ዝሎ ነበር።

«ባለቤቶቹን ጠይቀሻቸዋል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ጠይቂያቸው እንጂ። የሰው ቤት ነው። ምክር ቤቱ እስኪወስን እንጠብቃለን።»

ንዴቷ ከአቶ ልዑልሰገድ ተነስቶ እሱ ላይ አረፈ።

«አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። የራስህን ሰጥተህ ስትጨርስ የሌላውን መስጠት ትጀምራለህ። የእኔን የሰጠኸው ይበቃል። አሁን ደግሞ የሦስት ሰው ትንፋሽ ልትሰጥ ነው?»

 ከመክብብ በስተጀርባ አንዱ አትክልተኛ ሲያቃስት ተሰማት።

«ከበሩ ራቁ» አለችና መሰርሰሪያውን አስነሳች።

ግጣሙ በቀላሉ አልተበገረም። እንዲጸና አድርጋ የነደፈችው ራሷ ናት፤ በየምቱ ንድፏንም ፈታሒንም እየረገመች ቀጠቀጠችው። በመጨረሻ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ፣ በሩም ለቀቀ። ሦስቱ አትክልተኞች እየተደጋገፉ ወጡ። መክብብ ከኋላቸው መጣ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«እንዳታመሰግነኝ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

በመተላለፊያው መስኮት ማዶ ቤቶቹ መናድ ጀምረው ነበር። ጨረቃ ላይ ነገር ሲወድቅ ቀስ ይላል፣ ድምፅም የለውም። ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ተለቃቀው ወረዱ፤ አልጋ፣ ድስት፣ የሕፃን ልብስ ተከትሏቸው ወረደ። ሰዎቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው አዩ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ከመሃላቸው ወጥተው ወደ ትርንጎ ቀረቡ። ሁለት ልጆች ያሳደጉት ከተናዱት ቤቶች በአንዱ ነው።

«ሳትጠይቂን» አሏት።

ትርንጎ መዶሻውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ብትጠይቃቸው ምን ሊሏት እንደሚችሉ ፈርታ ነበር፤ ያልጠየቀችውም ለዚህ ነው።

በማግስቱ ምክር ቤቱ ፊት አቆሟት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አቶ ልዑልሰገድ ከፈታሒ ጋር የመሥራት ሥልጣኗ እንዲነሳ ጠየቁ፤ ቤታቸውን ያጡት አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ፈታሒ ስህተት ሠርቶ እንደሆነ ጠየቁት፤ የተሰጠውን እንቆቅልሽ በትክክል እንደፈታ መለሰ። ትርንጎ ለመከላከያዋ ምንም እንደሌላት ተናገረች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ፈታሒ የከተማዋን ቤቶች ሁሉ ሰው ቆጥሮ እንደገና ያስላቸው። ሰብሳቢው ፈቀዱ።

ስሌቱ እንደወትሮው ቶሎ አላለቀም። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀምሮ ነበር ድምፁ ሲመጣ።

«ሰው ከተቆጠረ፣ ውስጡ ሰው ቢቆለፍበት፣ ሰው ሳይጎዳ ግጣምም ሳይሰበር ሊፈታ የሚችል ሰፈር በከተማዋ የለም። በሮቹ ሁሉ እንደ አትክልት ክፍሉ ሊነከሱ ይችላሉ።»

አቶ ልዑልሰገድ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ በግማሽ መቁጠር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። የሳቀ አልነበረም።

«ይቻላል» አለ ፈታሒ። «ቁጥሩን ስጡኝ።»

የትርንጎ ደም ፈላ። ከትናንት ጀምሮ ስትረግመው የነበረችው ማሽን ግን አልነበረም ያናደዳት። ማሽኑ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ መልሱን የሰጠው ሰው ነው። አሁንም ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቆሟል፤ የሚመልሰውም ሰው ነው። አንዳንዶቹ አባላት አንገታቸውን ደፍተው በእርግጥ ሲያሰሉ አየቻቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ካጡት መሃል ተነሱ። ፊታቸው ከትናንት ጀምሮ አልፈታም።

«ሙሉ» አሉ። «ሰው ሙሉ ነው። እንደዚያ ቁጠረው።»

ሰብሳቢው ግራ ቀኝ አዩና በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈታሒ ተቀበለ። እንዲህ ከሆነ ሰፈሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ መፍረስ እንዳለባቸው፣ እንደገና እስኪሠሩ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ሰዉም እስከዚያ በመተላለፊያዎች እንደሚያድር አስረዳ። ከዚያ ልቀጥል ወይ ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢው አባላቱን አዩ፤ አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። 

«የእኔ ፈርሷል» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ትርንጎን ዞር ብለው ሳያዩ። «ቀጥል።»