«እፍ በል»

ኢንስፔክተር አምለሰት ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ከፖሊሶቿ ጋር ቡሬ ስትደርስ፣ የአስናቀው ሬሳ በዱቄት ፋብሪካው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ነበር። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ ከዱቄት ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ረግቷል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወዛደሩ መንበሩ በጠራራ ፀሐይ ሰክሮ ያንኮራፋል። በቀኝ እጁ እስከ እጀታው ደም የለበሰ ትልቅ መፍቻ ይዟል።

«ይኼ ምን ምርመራ ያሻዋል?» አለ መካኒኩ ቴዎፍሎስ። ትንፋሹ ጤና አዳም ይሸታል።

አስናቀው የፈረቃ አለቃ ነበር። ሰክሮ ለሚገባ ሠራተኛ ምሕረት አያውቅም፤ የጠረጠረውን አፍንጫውን አፉ ላይ ደቅኖ «እፍ በል» ይለዋል። ሲገደል ሌላው ሠራተኛ ለምሳ ወጥቷል፤ ዘበኛው እንደመሰከረው በግቢው የቀሩት መንበሩ፣ ቴዎፍሎስና የጽዳት ሠራተኛዋ አገሬ ብቻ ነበሩ።

አምለሰት ተንበርክካ የመንበሩን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀች። እጀታው በደረቀ ደም ተለብጧል፤ መዳፉ ግን ዱቄት ብቻ ነው። ቀጥላ የሟቹን ጺም መረመረች። የታኘከች አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፋበታለች። አሸተተቻት።

«አንችስ የት ነበርሽ?» አለቻት አገሬን።

«ጓሮ ጆንያ ሳራግፍ ነበርሁ።» በጣቷ ወደ መንበሩ ጠቆመች። «ወንድሜ ይታገሱ ማሽን ሲጠርግ መንበሩ ማሽኑን ከፍቶ ክንዱን አስበላው። ሦስት ሳምንቱ ነው። ‹ሰክሬ ነበር፣ አላስታውስም፣ እኔው እሆናለሁ› አለ። አስናቀው ግን ሳላጣራ አላባርረውም አለ።»

አምለሰት ወደ ቴዎፍሎስ ዞረች። «አንተ ትጠጣለህ?»

«እኔ? ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም!»

«ጤና አዳሙስ?»

«ለሆዴ ነው።»

ሦስቱንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ውሃ የተደፋበት መንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።

«መንበሩ ገድሎ ቢሆን መዳፉን ደም በነካው ነበር» አለች። «መፍቻውን ያስያዙት ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። አስናቀው ደግሞ የተመታው ፊት ለፊት ነው፤ እጁን እንኳ ለመከላከል አላነሣም። ለምን? ሰው ሊያሸት ተጠግቶ ነበር። መንበሩን ለማሽተት መጠጋት አያሻም፤ ገና ከበሩ ይሸታል። የተጠጋው ስካሩን ወደሚደብቅ ሰው ነው። ‹እፍ በል› አለው፤ ሰውዬው እፍ ሲል ያኘከው ጤና አዳም ጺሙ ላይ ተረጨ።»

ቴዎፍሎስ ከጠረጴዛው ብረት አንሥቶ ተወረወረባት። ብረቱ መሐል የገባውን ፖሊስ መታው፤ ትከሻው ቀጭ ሲል ተሰማ። ሌሎቹ ቴዎፍሎስን ወለሉ ላይ ደፍተው ሲጫኑት የጠጣው ካቲካላ ከአፉ ገነፈለ።

«አስናቀው ማሽኑን የከፈትኸው አንተ ነህ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ያን ቀንም ሰክረህ ነበር አለኝ! ታዲያ ምን ላድርግ?»

አገሬ ዘላ ተከመረችበት። ጎትተው እስኪያላቅቋት ድረስ ፊቱን በጥፍሯ ቦጫጨረችው።

ቴዎፍሎስ በካቴና ከወጣ በኋላ፣ አገሬ ያን ሁሉ ሰሞን ሲያልፍ ትተፋበት የነበረውን መንበሩን ቁልቁል አየችው። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«መንበሩ፣ ስማኝ። አንተ አይደለህም።»

«ምኑን?»

«የይታገሱን ክንድ። አንተ አይደለህም።»

ስካሩ አልለቀቀውምና አልገባውም። ደግማ ነገረችው።