የካልሲው እሾህ

ጥንድ ጥቁር ጫማ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ባሕሩ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር። ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን በር ሠላሳ ሜትር ይርቃል። የጫማው ባለቤት ካሣዬ ከአፋፉ አርባ ሜትር ዝቅ ብሎ ዓለት ላይ ሞቶ ተገኘ። የግሪኳ ደሴት ፖሊስ «ራሱን ጣለ» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

አስከሬኑ ዙሪክ ከደረሰ አራት ቀን ሆኖታል። አባ ጴጥሮስ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለሚስቱ ለእሌኒ እያዘኑ ነገሯት። እሷም ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ የምትኖረውን የአደጋ መርማሪ መስታወትን አስጠራች።

መስታወት ቪዲኮን በተባለው የዙሪክ ሰፈር ካለው ለቅሶ ቤት ስትደርስ ከሟቹ ጋር ወደ ደሴቷ መንደር የሄዱት ሁሉ ነበሩ፤ እሌኒ፣ ወንድሟ ዳዊና የካሣዬ ጓደኛ ተሻገር። ለየብቻ ጠየቀቻቸው። እህትና ወንድም ካሣዬ በሞተበት ሰዓት ወደቡ ላይ የመርከብ ትኬት ይቆርጡ ነበር፤ ትኬት ሻጩም በስልክ አረጋገጠ። ተሻገር ክፍሉ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ መስታወት ከፖሊስ የመጣውን ልብስ ዘርግታ ካልሲዎቹን በአጉሊ መነጽር ማየት ያዘች።

«እትዬ፣ ከጄኔቫ ድረስ የመጡት ካልሲ ሊያዩ ነው?» አለ ዳዊ።

«አዎ። ቁጭ በል።»

ንፍሮ ዞረ። ሁሉም ሲዘግኑ አየች። አባ ጴጥሮስ እስኪመጡ ጠብቃ ጀመረች።

«ካሣዬ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን የት ያወልቅ ነበር?»

«በሩ ላይ ነዋ» አለች እሌኒ። «ግሪኮቹ እንኳ ይስቁበት ነበር።»

«ካልሲው ሥር አሥራ ሰባት እሾህ ተሰክቷል። በፖሊስ ፎቶ ላይ እሾህ የሚታየው ከበሩ እስከ አፋፉ ባለው መንገድ ብቻ ነው። ጫማውን አፋፉ ላይ አውልቆ ቢሆን ኖሮ ካልሲው እሾህ ባልያዘ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ አውልቆ ገባ፤ በካልሲው ወጣ። ጫማውን ኋላ ሌላ ሰው ወደ አፋፉ ወሰደው። ጫማ ለማድረግ እንኳ ጊዜ ያጣ ሰው፣ የድረሱልኝ ጥሪ ሰምቶ ነው።»

ወደ ተሻገር ዞረች። «አንተ ንፍሮውን በግራህ ዘገንህ። ቀኝህ ምን ሆነ?»

ተሻገር የዘገነውን ንፍሮ አስቀመጠ። ከዚያ ሸሚዙን ገለጠ፤ ትከሻው አብጦ ጠቁሯል። ጠያቂ ፈርቶ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። በያዘው ኤፍ በተባለው ጊዜያዊ የስደተኛ ፈቃድ ከስዊዘርላንድ መውጣት አይችልም፤ ደሴቷ ድረስ በድብቅ የሄደው፣ ወንድሙ የሰጠመበትን ባሕር ለማየት ነበር። አፋፉ ላይ ተንሸራትቶ ተንጠለጠለ።

«ጎትቶ አወጣኝ። እኔ ስወጣ እሱ ተንሸራትቶ ወደቀ» አለ። «ፖሊስ ከጠየቀኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ፣ ብቻውን ነበር እንዲባል... ጫማውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንተን አድኖ ሞተ» አለች እሌኒ ቀስ ብላ። «አንተ ደግሞ ፍትሐት ልታስከለክለው።»

ተሻገር ወረቀት ጠየቀ። ቃሉን በሁለት ገጽ ጽፎ ሙሉ ስሙንና የፈቃዱን ቁጥር አስፍሮ ፈረመ።

ፍትሐቱ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተጀመረ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀ።