ከሹሻን እጅ

ቫሩዣን በተቀበረ ማግስት መርማሪ ዛቤል ወደ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ተጠራች። መብራት ስለሌለ ሊፍቱ ቆሟል፤ ያበጠ ጉልበቷን እየጎተተች አራተኛ ፎቅ ወጣች።

የሟች እናት አራክሲ ሶፋው ላይ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ምራቷ፣ የሟች ሚስት ሹሻን፣ ኪኒንና ውሃ ይዛ ቆማለች።

«ከዚህች እጅ አልወስድም! ልጄን በኮልቺሲን የፈጀችው እሷ ናት፤ አስረሽ ውሰጂልኝ!» አለች አራክሲ ዛቤልን።

«እማማ፣ ይብስብዎታል እኮ።»

«ይባስብኝ!»

አራክሲም ሟች ልጇም፣ ዛቤልም ራሷ፣ በዘር የሚወረሰው ትኩሳት የያዛቸው ናቸው፤ ሹሻን የያዘችው ኮልቺሲን ለዚሁ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ነው።

«ያከመውን ሐኪም ጠይቄዋለሁ፤ የቫሩዣን ነጭ የደም ሴሎች አልቀው ነበር» አለች ዛቤል። «በሽታችን ሲነሳ ይበዛሉ እንጂ አያልቁም። እውነትም ኮልቺሲን ነው።»

ሹሻን ፊቷ አመድ መሰለ። «የሁልጊዜውን ብቻ ነው የሰጠሁት! ሌላ ቢኖር ሚህራን ያመጣለት የጉሮሮ መድኃኒት ነው።»

ዛቤል ሹሻን ያቀበለቻትን መድኃኒት ስሙን አንብባ ኪሷ ከተተችው።

ሚህራን የሟች ወንድም ነው፤ ፋርማሲው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ዛቤል ወደ እሱ ወረደች።

«ምን ሆነው ነው የሚያነክሱት፣ እትዬ?»

«ያው የእናትህ በሽታ ነዋ፣ እኔም አለብኝ። ወንድምህን ምን ገደለው?»

«ሹሻን ኪኒኑን አብዝታበት ይሆናላ። ሰው አይታመንም።»

ዛቤል አሳለች። «ጉሮሮዬን ይዞኛል። ጎረቤቴ ክላሪትሮማይሲን የሚባል የጉሮሮ መድኃኒት ሰጥታኛለች፤ ልዋጠው?»

«እንዴ! ከኮልቺሲን ጋር? ይገድልዎታል!»

«ተባረክ። በል አብረን እንውጣ።»

ላይ ሲደርሱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የሰው ሁሉ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ዘብ የሚሆን ነገር አለ፤ በሽታ ሲገባ ይጮኻል። የኛ የበሽተኞቹ ዘብ ግን ሌባ ሳይመጣ ይጮኻል፤ ጩኸቱ በደም ዞሮ ሌሎቹን ሴሎች ይጠራል። ትኩሳቱም እብጠቱም ከዚያ ነው። ኮልቺሲን በሴሉ ውስጥ የተዘረጉትን ገመዶች እያላላ ዘቡን ዝም ያሰኛል። ሲበዛ ግን ገመዱ በመላ ሰውነት ይፈታል፣ አዲስ ሴል አይወለድም። ሹሻን አላበዛችም። ይኸኛው ክላሪትሮማይሲን ነው ኪኒኑ ከሰውነቱ የሚወጣበትን መንገድ የዘጋበት» ብላ መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «የየቀኑ ኪኒን ሳይወጣ ተጠራቀመ።»

«እኔ ምን አውቄ? ስህተት ነው!» አለ ሚህራን።

«ለኔ ሲሆን በምን አወቅክ?»

ሚህራን ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«የጋራ ቤታችንን ሸጠን ከዚህ አገር እንውጣ ብዬ ብለምነው ወንድሜ እምቢ አለኝ። ደክሞኛል፣ ገባዎት? ደክሞኛል።»

«ሁላችንም ደክሞናል» አለች ዛቤል።

ዛቤል ሚህራንን ይዛ ስትወርድ አራክሲ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ ሳትዞር መዳፏን ወደ ኋላ፣ ወደ ሹሻን ዘረጋች።

«ኪኒኑን ስጪኝ» አለች። «ውሃውንም አቀብይኝ፣ ልጄ።»