ሃያ ሦስተኛው መመሳሰል

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን «ድፍት በል!» ብላ ስትረግመው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወንድምየው በሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብሎ ተገኘ። ጎረቤት ለእንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ነፍሱን ይሰጣል። ፖሊስ ደርሶ በሩን ሳያንኳኳ ፍርዱ በየአጥሩ ሥር ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትጠራ አዛዧ ነገሩን አሳጥሮ ነገራት። «እህትየው ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ክሱን እፈርማለሁ።»

መርማሪዋ አምሳን የተሻገረች፣ ሰው ሲያወራት የማትሰማ መስላ ጥፍሯን የምታይ ሴት ናት። ብዙ ሰው በዚያ ጥፍር ተታልሎ ሳያስበው ልቡን ዘርግፏል። ፊልም የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም፤ መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ ይወስዳታል። የዚህ ሞት መነሻ ደግሞ ፊልም ነበር።

ሟቹ ሰዓት ሠሪ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር «የአመድ ጨረቃ» የተባለውን የጠፈር ፊልም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያመልክ የኖረ ሰው ነው። ከትናንት በስቲያ አይደለም፣ ትናንት ጠዋት የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ወጣ። ከተማው ሁሉ «አዲስ ነው፣ ያው የድሮው ነው» እያለ ሲነታረክ አራቱ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፦ እያንዳንዱ ፊልሙን አይቶ የሚመሳሰለውን ይዘረዝራል፣ በፖስታ ያሽጋል፣ ማታ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ተሰብስበው ይከፍታሉ። እስከዚያ ሥራው ሬዲዮ ከሆነው ከአንዱ በቀር ማንም ለማንም ትንፍሽ አይልም። ሟቹ ከሁሉም አብልጦ ስለሚያገኝ «ቆጣሪው» ይሉት ነበር።

አስከሬኑ ተነስቷል። በሱቁ ግድግዳ ላይ አርባ ሰዓት ተሰቅሎ አንዱ ከሌላው አይስማማም። ወለሉ ላይ ራሱን የመቱባት ከብረት የተሠራች የጠፈር መርከብ ወድቃለች፤ ክብደቷ የከሰል ካውያ ያህላል። ጠረጴዛው ላይ ወረንጦ፣ የተከፈተ የእጅ ሰዓት፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ ኩባያ፣ በውስጡ የቀዘቀዘ ሻይ። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት አጉሊ መነጽር ግን በሠሪው በኩል አልነበረም። በደንበኛው በርጩማ በኩል፣ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፖስታው የለም።

«እትዬ፣ እኔ አልገደልኩትም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በሱቁ ጥግ ከስፌት መኪናዋ ሥር ኩርምት ብላ።

«ድፍት በል ብለሽዋል?»

«ብየዋለሁ። በሳምንት ሦስቴ እለዋለሁ። እሱም ‹አንቺን ቀብሬ› ይለኛል።»

«ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«ከዚህ ቤት ወጥቼ የራሴን ልብስ ስፌት ልከፍት ነው አልኩት። ‹ታዲያ ማን ሻይ ያፈላልኛል?› አለኝ። ለሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ምላሹ ሻይ ሆነ!» አለቀሰች፤ ወዲያው በእጇ ጀርባ ጠራረገችው። «እሱ እንደሆነ ቂም አያውቅም። ያዋርድሻል፣ ከዚያ እንደ ደህና ሰው ያጫውትሻል። ከፊልሙ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ፣ ተጣላን። ስድስት ተኩል ላይ አንድ ሰው ደወለለት። ‹ዛሬ እንኳ በራስህ ዓይን እየው!› ብሎ ዘጋበትና ሆዱን ይዞ ሳቀ።»

«ማን ነበር?»

«አላውቅም። ከዚያ ዝርዝሩን ሲጨርስ ጠራኝ። ‹ሃያ ሁለት ደርሻለሁ፤ ነይ ሃያ ሦስተኛዋን ስጪኝ› አለኝ።»

«አንቺ ፊልሙን አይተሻል?»

«የትኛውንም አላየሁ! ለዚህ እኮ ነው የሚጠይቀኝ። ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷ ውሸት ናት። ሊቃውንት ነን ባዮች አምነው ሲደግሙለት ይስቅባቸዋል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።»

«የትናንቷስ?»

እህትየው ክፍሉን ዞር ብላ አየችና ነገረቻት። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችውም፣ አብሯት ለመጣው አስር አለቃም አልተነፈሰችም። እኔም ለጊዜው አልናገርም፤ አንባቢ ዓይን ካለው እሱም ክፍሉን ዞር ብሎ ይይ።

ልብስ ሰፊዋ ሰባት ተኩል ላይ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ፖስታው ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስትመለስ ፖስታው የለም፣ ወንድሟም በሕይወት የለም።

ሦስቱ ወዳጆች የሰባት ሰዓቱን ፊልም ገብተዋል። ትኬት ቆራጩ ሦስቱንም ሲገቡ አይቷቸዋል፤ ሲወጡ ግን አላያቸውም፣ ምክንያቱም ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሌላ በር አለ፤ ከዚያ በር እስከ ሱቁ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በጨለማ ማን ማንን ያያል?

መርማሪዋ መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርጎ በአንድ ምስኪን አፍ ውስጥ ጎንበስ ብሏል። አስር አለቃው መነጽሩን እንዳየ መርማሪዋን በክርኑ ጎሰማት፤ የአጉሊ መነጽሩ ነገር ትዝ ብሎት ነው።

«ያንን ፊልም ቅጂ ነው ይሉታል» አለ ሐኪሙ፣ ስለ ሟቹ ሳይጠየቅ። «ልጅ አባቱን ቢመስል ሌባ ይባላል እንዴ? ደስ ነው የሚለው! ትናንት ማታ ለሐዘኑ ሊቀመንበራችን ቤት ተሰብስበን አላስወራ አሉኝ።»

«ለሐዘን ተሰብስባችሁ ስለ ፊልም?»

ሐኪሙ ትንሽ አፈረ። ታካሚው አፉን እንደከፈተ በዓይኑ ያዳምጣል። «መጀመሪያ ስለ እሱ ነበር። ወላጅ አልባዋ ልጅ፣ የሚናገረው ካርታ፣ የሚቃጠለው ድልድይ፣ ለሁሉም መልስ ሰጠሁ። ኩባያው ላይ ስንደርስ ግን አፌ ተያዘ።»

«የምን ኩባያ?»

«የመርከቧ አዛዥ ኩባያ ነዋ! ከኋላው መደርደሪያ ላይ፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ። በድሮውም አለ፣ በአዲሱም አለ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ጥፍሯን አየች። «ማን ነው ያነሳው?»

«እኔው ነኝ። ቀድሞ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር... ግን እኔም አይቼዋለሁ!»

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ቤቱ እስከ ጣሪያው ካርታ ነው። ሲናገር ጣቱን እንደ በትር ይቀስራል። ሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያው ግልባጭ መሆኑን በአሥራ አራት ነጥብ አስረዳት።

«ኩባያውስ?» አለችው።

«ያላየው ዕውር ብቻ ነው!»

«ከማን ሰሙ?»

«ጥርስ ሐኪሙ አነሳው እንጂ፣ እኔስ ከሱ ቀድሜ ልብ ብየዋለሁ።»

ሦስተኛው ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ ሃያ ዓመት በሬዲዮ ስለ ፊልም የሚያወራው ጋዜጠኛ ነው። ለድምፁ «መረዋ» ይሉታል። ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ወረቀት የለም። ሁሉን በቃሉ ነው የሚለው፤ ይህም ከዝናው አንዱ ነበር። መርማሪዋ እጇን ዘረጋችለት። ሳይጨብጣት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዝነኛ ሰው ኩራት አያጣውም ብላ አለፈችው፤ ወይም ያለፈች መሰለች።

«ምስኪን ቆጣሪው» አለ፣ ድምፁ ክፍሉን ሞልቶት። «ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓቱ ዝግጅቴ ላይ መሞቱን ገና አልሰማሁም ነበር። ብሰማ ኖሮ መታሰቢያ አደርግለት ነበር።»

«ኩባያውን የተናገሩት በዚያ ዝግጅት ነው?»

ደስ አለው። «እኔ ነኝ ያበሰርኩት! አርባ አድማጭ ደወለ፤ አርባውም ‹አይተነዋል› አሉ። ሌላ ሰው አላስተዋለውም ነበር።»

«እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«እኔ? እኔ ከማንም አልሰማም እመቤቴ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም በሰዓት ሠሪው ሱቅ ተሰበሰቡ። ሰዓቶቹ እንደ ልማዳቸው በየተራ መደወል ጀምረው እስኪጨርሱ መጠበቅ ግድ ሆነ። አዛዡ የክሱን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዋ በአስር አለቃው አጠገብ። መረዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከስቱዲዮ ድረስ በእግርዎ ነው የመጡት፤ ውሃ ልስጥዎ» አለችው መርማሪዋ። ከጠረጴዛው ላይ ኩባያውን አንስታ አጠበችው፣ ውሃ ሞላችው፣ በእጁ አስያዘችው። መረዋ አመስግኖ ጠጣ።

ጥርስ ሐኪሙ «እንዴ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ሊቀመንበሩ የቀሰረው ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ መረዋ።

ፊቱን ወደ አንዱ ዝምታ፣ ከዚያ ወደ ሌላው አዞረ። አውራ ጣቱ እጀታው ላይ ወጣ ወረደ፣ ክሩን አገኘ፣ ቆመ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ቀይ ነው» አለችው መርማሪዋ። «ትናንት ሰው ሲገድሉ አንድ ክንድ አጠገብዎ ነበር።»

ከዚያ ጥፍሯን ማየቷን ተወች።

«እናንተ ፊልሙ የማን ቅጂ ነው ስትሉ ዋላችሁ። እኔ ደግሞ የማን ወሬ የማን ቅጂ እንደሆነ ፈለግሁ። ሊቀመንበሩ ከሐኪሙ ሰማ፣ ሐኪሙ ከሬዲዮ። ሬዲዮውስ? ‹ከዓይኔ› አለ። ኩባያው ግን በየትኛውም ፊልም የለም። ፊልም አይታ የማታውቅ ሴት እዚሁ ክፍል ውስጥ ያየችውን ተናግራ ነው፤ ወንድሟም ሃያ ሦስተኛ ብሎ ጻፈው፣ አሸገው። ከሰባት ተኩል በኋላ ያንን ፖስታ የከፈተ ገዳዩ ብቻ ነው።»

«ወንድሜ ነግሮት ቢሆንስ? ሊል ይችላል እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ በፍርሃት፤ የራሷን ነጻነት ራሷ እየሞገተች።

«የስልክ መሥሪያ ቤቱን ጠይቄያለሁ። ትናንት ወንድምሽ ያነሳው ስልክ አንድ ብቻ ነው፣ ስድስት ተኩል ላይ፣ ከመረዋ። ግማሽ ደቂቃ። ያኔ ደግሞ ሃያ ሦስተኛዋ ገና አልተፈጠረችም።»

አዛዡ ጣልቃ ገባ። «እህትየው ራሷ ነግራው ቢሆንስ?»

«ተባባሪው ብትሆን ኖሮ የኩባያው ነገር ውሸት መሆኑን ከሁሉ አስቀድማ ለእኔ ትነግረኝ ነበር? እሱን ገመድ ውስጥ ያስገባችው እኮ እሷ ናት።» አጉሊ መነጽሩን አነሳች። «ይህ በበርጩማው በኩል የተገኘው ለዚህ ነው። ገዳዩ ዝርዝሩን ለማንበብ እዚያው በሬሳው ፊት ቁጭ ብሎ ይህን ዓይኑ ላይ መሰካት ነበረበት። በሰው ማስነበብ አይችልም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ አየር ላይ ይወጣል። ሐኪሙ መነጽር አለው፣ እንኳን ወረቀት የሰው ክራንቻ ይነቅላል። እጄን ስዘረጋ ያላየው ግን አንድ ሰው ነው።»

መረዋ ኩባያውን ቀስ ብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠ።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ። ያ ድምፅ ሰልሎ ነበር። «ያለ አጉሊ መነጽር ጥላ ብቻ ነው የማየው። እሱ በስልክ ያነብልኝ ነበር፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ትናንት እምቢ አለ። መጥቼ ለመንኩት። ‹ማታ በሁሉ ፊት የጀግናዋን ቀሚስ ቀለም እጠይቅሃለሁ› አለኝ። ሳቀ። እየሳቀ ነው የመታሁት። ዕውር ስለ ፊልም ያወራል ከተባለ ማን ይሰማኛል?»

አስር አለቃው ክንዱን ያዘው። መረዋ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ፊቱን ወደ ልብስ ሰፊዋ ወደመሰለው አቅጣጫ አዞረ። እሷ በሌላው ጥግ ነበረች።

«እህቴ፣ ከዚህ በፊት የነገረኝስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበበልኝ?»

ልትዋሽለት ትችል ነበር። የወንድሟ ደም ግን ገና ከወለሉ አልለቀቀም።

«በእያንዳንዱ ዝርዝር አንድ አንድ ውሸት ነበረበት» አለችው። «ሬዲዮኑን ከፍተን ያቺን እስክታወራት እንጠብቃለን። ስትላት ሻያችን እስኪያንቀን እንስቅ ነበር።»

ወሰዱት።

አዛዡ የክሱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ይቅርታ ሳይጠይቅ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ኩባያውን አንስታ እጀታው ላይ የነበረውን ክር መፍታት ጀመረች።

«እትዬ፣ ‹ድፍት በል› ባልለው ኖሮስ?»

«ያም ሆነ ይህ በመረዋ ይስቅበት ነበር» አለች መርማሪዋ። ለማጽናናት አልነበረም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማል። ሐኪሙና ሊቀመንበሩ ናቸው፤ አልሄዱም።

«የፈለገችውን ትበል እንጂ እኔ ኩባያውን አይቻለሁ» ይላል ሐኪሙ። «በድሮው ፊልም በስተግራ ነው ያለው።»

«በስተቀኝ ነው እንጂ!» ይላል ሊቀመንበሩ።

ክሩ ሲያልቅ፣ በክሩ ብቻ ተያይዞ የኖረው ስብር እጀታ ለሁለት ተከፍሎ በልብስ ሰፊዋ መዳፍ ላይ ቀረ። ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።